ገመዱን ነቅለው ያላዩ ሰዎች

እናት ከልጇ ክፍል የወጣችው ውኃ ልትጠጣ ነበር። ኮሪደሩ ላይ የመዝገብ ክፍሉ ኃላፊና አንዲት የኮምፒውተር ባለሙያ ቆመው ይከራከራሉ። ልታልፋቸው ስትል "የዛሬዋ ልጅ" ሲሉ ሰማችና ቆመች።

ልጅቷ ጠዋት የማይስማማትን መርፌ ተወግታ፣ ፊቷና ክንዷ አባብጦ ራሷን ስታለች። መርፌው እንደማይስማማት እናቷ በዋናው ሆስፒታል አስመዝግባ ነበር። እዚያ የሚጻፈው ሁሉ ወዲያው ተገልብጦ እዚህ ቅርንጫፉ ይደርሳል ስላሏት፣ አምናቸው እዚህ ደግማ አልተናገረችም።

"ጋሼ፣ ከዋናው ሆስፒታል የሚያገናኘንን ገመድ ነቅለን ግልበጣውን እንፈትነው ብዬ ስንቴ ለመንኩዎት?" አለች ባለሙያዋ።

"የኔ ልጅ፣ ደህና የሚሠራ ነገር ይነቀላል? አረንጓዴዋ አምፖል በርታለች። እዚያም እዚህም ያሉት ፋይሎች ቁጥራቸው እኩል ነው። ሌላ ምን አማረሽ?"

"ውስጣቸውን ማን አየው? ሰው ልጆቹን ቆጥሮ 'ሁሉም ቤት ናቸው' ቢል፣ የታመመ የለም ማለት ነው?"

"አንቺ ደግሞ ምላስሽ! እኔ እያለሁ ያን ገመድ የሚነካ የለም።"

"ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ገመዱ እንደተነቀለ ነው፤ እሱ መቼ ፈቃድዎን ጠየቀ?"

እናት ጠጋ አለች። "አባባ፣ ልጅቷ የኔ ናት። ይፈትኑት።"

ኃላፊው ቁልፋቸውን አወጡ። ሦስቱም ወደ ኮምፒውተሩ ክፍል ገቡ። ዋናው ሆስፒታል ያለች የባለሙያዋ ባልደረባ በስልክ ተነግሯት አንድ የሌለ በሽተኛ ከማይስማማው መድኃኒት ጋር መዘገበች። መዝገቡ ወደዚህ እየተገለበጠ ሳለ ባለሙያዋ ገመዱን ነቅላ መልሳ ሰካችው። አምፖሏ ለአፍታ ቀልታ አረንጓዴ ሆነች። ፋይሎቹ ተቆጠሩ፤ እኩል ናቸው።

"አላልኩሽም?" አሉ ኃላፊው።

ባለሙያዋ ፋይሉን ከፈተችው። ስም አለ፣ ዕድሜ አለ። "የማይስማማው መድኃኒት" ከሚለው ፊት ለፊት ግን ባዶ ነው። ዋናው ሆስፒታል ያለው ፋይል በስልክ ሲነበብላቸው የመድኃኒቱ ስም ተጽፎበታል።

ኃላፊው ወንበር በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ። "ስንቱ ፋይል እንዲህ ሆኖ ይሆን?"

"አላውቅም ጋሼ። ኤሌክትሪክ በጠፋ ቁጥር ነው።"

ማሽን ሠራ ማለት በትክክል ሠራ ማለት እንዳልሆነ ሽማግሌው የገባቸው ያን ጊዜ ነው። "ከዛሬ ጀምሮ በየሳምንቱ እኛው ነቅለን እንፈትነዋለን" አሉ። "በየቀኑም እዚያና እዚህ ያሉትን ፋይሎች ቃል በቃል እናስተያያለን። እንዲህ ስናደርግ ስሕተቱን ቀድመን እኛ እናገኘዋለን፤ በሽተኛ በገላው አያገኘውም። ሐኪሙም የሚያነበውን አምኖ ያክማል።"

"ለሌላ ሰው ልጆች ደግ ነው" አለች እናት። "የኔዋስ?"

ጥላቸው ወጣች።

ወደ ክፍሉ ስትመለስ አንዲት ነርስ መርፌ ይዛ አልጋው አጠገብ ቆማለች።

"ምንድን ነው እኅቴ?"

"የታዘዘላት ነው እማማ። ኮምፒውተሩ ላይ አለ።"

"ይሁን። ግን ጠርሙሱ ላይ ያለውን ስም አንብቢልኝ።"

ነርሷ አነበበች። እናት በቃሏ ከያዘችው፣ ልጇ ከማይስማማት መድኃኒት ስም ጋር አስተያየችው፤ ሌላ ነው።

"ድገሚልኝ" አለች።

ነርሷ ደገመችላት። ከዚያ እናት ያበጠውን ክንድ ራሷ ያዘችላት። መርፌው ሲገባ ልጅቷ ቅንድቧን እንኳ አላነቃነቀችም።