ያለ ስንቅ ወደ ጎንደር

በጃንሆይ ዘመን፣ ከቡታጅራ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናትና አንድ ጎልማሳ ያወራሉ።

«ወዴት ነው ልጄ?»

«ጎንደር፣ ሥራ ፍለጋ።»

«ያ ረቢ! ስንቅህስ የታለ?»

«አልያዝኩም፣ እማማ።»

«ዛሬ የት ልታድር ነው?»

«መርካቶ፣ አጎቴ ሱቅ።»

«ነገስ?»

«ደብረ ማርቆስ። አንድ ያገራችን የመስቃን ሰው እዚያ ሱቅ አለው ብለውኛል።»

«ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም። የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግረው ያውቀኛል።»

«ባሕር ዳርስ?»

«እዚያም የኛ ሰው ሱቅ አይጠፋም።»

«እሺ፣ ጎንደር ሱቅ ያለው ሰው ብታጣስ?»



«እንግዲያ ሱቁን እኔ እከፍታለኋ! ከኋላዬ የሚመጣው የት ይደር?»

አዲስ አበባ ለአንድ ሌሊት ብዬ የያዝኩትን ትልቅ የስንቅ ቋጠሮ በእግሬ ገፋ አድርጌ ከወንበሩ ሥር ደበቅኩት።