ከነገ ጠዋት የመጣ ሰላምታ

ጋሽ ሀብተሚካኤል በዴንቨር አየር ማረፊያ መንገደኛ በተሽከርካሪ ወንበር ሲገፉ ውለው፣ ወገባቸውን ደግፈው ወደ አውሮራ የሚመልሳቸው ባቡር ላይ ተቀመጡ። ቀና ቢሉ የልጅ ልጃቸው የሶልያና አስተማሪ፣ መምህርት ሮሆቦት፣ እንግዳ ሸኝታ ስትመለስ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣለች። ተነሥታ እጅ ነሥታቸው አጠገባቸው አረፈች። የሚወርዱበት ፌርማታ ቅርብ ቢሆን ኖሮ ወርደው ያመልጧት ነበር፤ ምን እንደምትጠይቃቸው ያውቃሉና።

«ጋሽ ሀብተሚካኤል፣ የሶልያና ሰላምታ እኮ እስካሁን አልደረሰኝም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሮሆቦት የምታስተምራቸው የሦስተኛ ክፍል ልጆች እያንዳንዳቸው ሩቅ አገር ካለ ዘመድ አንድ የኢሜይል ሰላምታ ያስልካሉ፤ የላኪው አገርም ግድግዳው ላይ ባለው ካርታ በመርፌ ይሰካል። ሃያ ሦስቱ ልጆች አስልከዋል። የቀረችው ሶልያና ብቻ ናት።

«ልጄ፣ ደሴ ያሉኝ ታላቅ ወንድሜ ናቸው፣ ጋሽ ይመር። አባታችን ሲሞት ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ታላቅ ለታናሽ፣ ያውም ስማቸውን ለማያውቋቸው ሕፃናት፣ ቀድመው ሰላም ይበሉ ብዬ ልዘዛቸው? ደግሞ ሦስት መስመር ብቻ ብለሻል አሉ። እኛ ቤት በሦስት መስመር የከብቶቹ ደኅንነት እንኳ ተጠይቆ አያልቅም!»

ሮሆቦት ሳቋ አመለጣትና አፏን ያዘች።

«እውነትዎን ነው፣ ይርዘም። ግን ልጆቹ ሲጠይቋት ሶልያና ምን እንዳለች ነግራዎታለች?»

«ምን አለች?»

«"አያቴ ማንም የለውም" አለች።»

ጋሽ ሀብተሚካኤል ሰባት ወንድምና እኅት ያደጉበት ቤት ልጅ ናቸው፤ ማንም የለውም መባሉ ከነከናቸው። እንዲያም ሆኖ በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም።

«ኮምፒውተር ልጅ ያፈዛል ሲባል እሰማለሁ» አሉ።

«ብቻቸውን ካፈጠጡበት ያፈዛል። ከበስተጀርባው ሰው ሲኖር ግን ሌላ ነው።» ስልኳን አወጣች። «ይኸው፣ የአንዱ ልጅ አያት ከኔፓል በመስኮቴ የበረዶ ተራራ ይታየኛል ይላሉ። ይኼኛው አጎት መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ነው፤ መርፌውን ባሕር ላይ ሰክተን በየሳምንቱ እናዛውረዋለን። ከመጽሐፍ ሳስተምር ያዛጉብኛል። ሰው ሰላም ሲላቸው ግን የት እንዳለ፣ ምን እንደሚበላ፣ ስንት ማይል እንደሚርቅ ካላወቁ አይለቁኝም። እርስዎስ ቀኑን ሙሉ የማያውቁትን ሰው ደህና ነዎት ይሉ የለ?»

«ስሙን ትኬቱ ላይ አነበዋለሁ» አሉ፤ ከአፋቸው ሲወጣ መረታታቸው ገባቸው።

ለደሴ ደወሉ። ጋሽ ይመር ይቀየማሉ ብለው ሲፈሩ፣ «የልጆቹን ስም አስልክልኝ፤ ስም ሳልጠራ ሰላም አልልም» አሏቸው። ስሙ ተላከ፤ የጋሽ ይመር የልጅ ልጅ ሄዋንም የሚሏትን ጽፋ ኢሜይሉን ላከችው።

የተነበበ ዕለት ጋሽ ሀብተሚካኤል ክፍሉ ውስጥ ከኋላ ቆመው ነበር። ሮሆቦት ወደ እንግሊዝኛ እየመለሰች አነበበች፦ «ማክሰኞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት። ልጆቼ፣ እንደምን ከርማችኋል?» ከዚያ ሃያ አራቱም ልጆች በየስማቸው ተጠሩ። ስሙ የተጠራ ሁሉ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ ነበር።

አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ኢሜይሉ የደረሰን ሰኞ ማታ ነው፤ እሳቸው ግን ማክሰኞ ጠዋት ይላሉ። ደግሞ 2018 ካለፈ ሰባት ዓመቱ! ከነገ ነው ወይስ ከድሮ የመጣው?»

ጋሽ ሀብተሚካኤል በወንድማቸው ሊሳቅ ነው ብለው ሠጉ። የሳቀ ግን አልነበረም። ሮሆቦት መብራቱን አጥፍታ ለሶልያና ኳስ አስያዘቻት፣ ባትሪ አበራችበት። ሶልያና ኳሱን ቀስ ብላ አዞረችው። ደሴ ብላ ቀለም የቀባችው ነጥብ ወደ ብርሃኑ ሲገባ አውሮራ ገና ጨለማ ውስጥ ነበረች። ልጆቹ ሁሉ ወደ ኳሱ ተጠጉ።

«ዴር፣ እዚያ ደሴ፣ ፀሐይ ስትወጣ ነው ሰዓት መቁጠር የሚጀምሩት» አለች ሶልያና። «ኢየሩንም፣ ዓመቱን፣ በሌላ ካሌንደር ነው የሚቆጥሩት።»

«ታዲያ እኛ ለምን በእኩለ ሌሊት እንጀምራለን?» አለች አንዲት ልጅ።

ጋሽ ሀብተሚካኤል በዕድሜያቸው ሁሉ ይህን ጠይቀው አያውቁም። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ አላፈሩበትም። ከአንድ ሽማግሌ ሰላምታ ጂኦግራፊውም፣ ሒሳቡም፣ የሰው ክብርም ሲወጣ አዩ። ከዚያ ወዲህ በቤተ ክርስቲያን ያገኙትን ወላጅ ሁሉ «ለልጃችሁ ሰላምታ አስልኩ፣ ሰው ያላት መሆኗን ትወቅ» እያሉ ይመክራሉ።

አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ ሶልያና በጣቶቿ ቆጠረች። «አባባ፣ ናው ደሴ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው። ኮል አድርጋቸው!»

ጋሽ ሀብተሚካኤል ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሚደውሉት ከሥራ ሲወጡ፣ ለራሳቸው ሲመቻቸው ነበር። ጋሽ ይመርም ሁልጊዜ በሻከረ ድምፅ፣ «ኧረ ቁጭ ብያለሁ፣ አልቀሰቀስከኝም» ይሏቸው ነበር። የሰዓቱን ልዩነት ያውቁታል፤ አስበውበት ግን አያውቁም።

ደወሉ።

«ሀብቴ?» አለ የጠራ ድምፅ። «በሰላም ነው? በቀን ደወልክልኝ እኮ!»