ነጠላ የለበሰችው ኮምፒውተር

ባለፈው የካቲት ከመካነ ኢየሱስ በተነሣሁበት ሚኒባስ ውስጥ ከአጠገቤ የተቀመጠች ወጣት፣ ረዳቱ ካርቶኗን ጣራ ላይ ልጫንልሽ ቢላት እንቢ ብላ እስከ ጋይንት ድረስ ጭኗ ላይ ታቅፋው ሄደች። እኔ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፤ ዝም ማለት አልችልበትም። እንቁላል ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ሣቀችና ስሟ ሩት እንደሆነ፣ የኮምፒውተር ባለሙያ እንደሆነች፣ በካርቶኑ ያለውም የመዝገብ ቅጂ የሚቀመጥበት ዲስክ እንደሆነ ነገረችኝ።

የምትሄድበት መሥሪያ ቤት እኔም ለእህቴ የመሬት ደብተር ጉዳይ የምሄድበት ነበር። ስሙን አልጠራም፤ አንባቢ የራሱን መሥሪያ ቤት ቢያስብ ይበቃል። ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የብዙ ቀበሌዎች የይዞታ መዝገብ የሚጠበቅበት፣ ሰባ ኮምፒውተር ያለው ትልቅ ቤት ነው። ኮምፒውተሮቹ አርጅተዋል፤ የሚሠሩበትንም ሶፍትዌር ሠሪዎቹ ማደስ ካቆሙ ዓመታት አልፈዋል። አዲሶቹ ማሽኖች መጋዘን ከገቡ ስምንት ወር ሆኗቸዋል። ሌላው ክፍል ሁሉ ሲስማማ የመዝገብ ክፍሉ ኃላፊ አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ብቻ አሻፈረኝ ብለዋል። ዋናው መዝገብ ያለው ደግሞ በእርሳቸው ማሽን ላይ ነው።

ሰውየውን ስለማውቃቸው ለልጅቱ አዘንሁላት። በልጅነታቸው በጋይንቱ ደብር በቤተ ልሔም ዜማ የተማሩ፣ ኋላም በዚያ ቢሮ ሠላሳ ዓመት ያገለገሉ፣ እጃቸው ጉቦ ነክቶ የማያውቅ ሰው ናቸው። አንድ ጊዜ እንቢ ካሉ ግን ተራራ ይነቀላል እንጂ እሳቸው አይነቀሉም።

ከቢሮው ስንገባ ማሽናቸው ጥለት ያለው ነጭ ነጠላ ለብሳ አገኘናት። የሚታየው ጽሑፉ የሚነበብበት መስኮቷ ብቻ ነው። እየሠራች እንኳ ነጠላው አይነሣላትም። መጽሐፍ በማኅደሩ እንደሚከበር ሁሉ የሰው ርስት የተጻፈባትም ማሽን ራቁቷን መዋል የለባትም ብለው ከቤታቸው ያመጡላት ነው።

ሩት እጅ ነሥታ የመጣችበትን ስትነግራቸው በትዕግሥት ሰሟት።

«ልጄ፣ ደህና የሚያርስ በሬ አይታረድም» አሏት። «ይቺ አሥራ አንድ ዓመት አገልግላለች፤ ዛሬም ታገለግላለች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ለምን?»

«ጋሼ፣ እስከ ዛሬ ስላልወደቀች ነገም አትወድቅም ማለት አይደለም። ስትወድቅ የሚተካት ቅጂ አለዎት?»

«የለኝም። ቅጂ በበዛ ቁጥር ሌባም ይበዛል።»

ልጅቱ ቅጂው በይለፍ ቃል እንደሚጠበቅ ልታስረዳ ስትጀምር በእጃቸው አስቆሟት። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ ባለሙያ መጥቶ አሻሽላለሁ ብሎ የሁለት ቀበሌ መዝገብ አጥፍቶባቸው ሄዷል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ።

«ከጠፋው ውስጥ የአንዲት አሮጊት ማሳ ነበረበት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከወረቀት ለቅሜ መልሼ እስክጽፈው ዓመት ፈጀብኝ። እሷ በሰው ደጅ ተጠግታ ሞተች። ቀብሯ ላይ ቆሜ፣ ከእንግዲህ መዝገቡን ማንም አይነካም ብዬ ማልሁ።»

ሩት አቀረቀረች። እኔም በልቤ ግትር ማለቴ አሳፈረኝ።

በዚህ መካከል ወይዘሮ ላቀች የምትባል ከስማዳ የመጣች ሴት ገባች። ባሏ ከሞተ ወዲህ የባሏ ወንድም ድንበር እየገፋ ማሳዋን ሊወስድባት ነው። የፍርድ ቤት ቀጠሮዋ በማግስቱ ስለሆነ ማኅተም ያለበት የመዝገብ ግልባጭ ፈልጋለች። አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ወንበር ሰጧትና የቀበሌዋን ስም ጻፉ። መስኮቷ ብልጭ ብላ ጠፋች። ደግመው ቢያበሯት እንቢ አለች፤ ሦስተኛም ሞከሩ። የቀበሌዋን የወረቀት መዝገብ ደግሞ ምስጥ ከበላው ቆይቷል።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ የሚለው ተረት ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር፤ ፊታቸውን አይቼ ዋጥሁት።

«ታዲያ ልጆቼን ይዤ የት ልግባ?» አለች ላቀች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይቀለን ነበር።

ሩት ነግሬዎት ነበር አላለችም። ነጠላውን ገልጣ ሣጥኗን ብትነካት ታቃጥላለች። ስትከፍታት የነጠላው ብናኝና አቧራ ማራገቢያውን ጠቅጥቆት ተገኘ።

«ጋሼ፣ ማሽን ትተነፍሳለች። ሙቀቷን የምታወጣው በዚህ በኋላዋ ነው። ነጠላው አፍኗታል።»

«እኔ ለክብሯ ብዬ ነበር» አሉ ሽማግሌው፤ ከዚያም ተቀመጡ።

ሩት የማሽኗን ዲስክ ነቅላ ከራሷ ኮምፒውተር ጋር አያያዘችው። መዝገቡ ይትረፍ አይትረፍ ገና አልታወቀም። እየጠበቅን ሳለን ድንገት በመንገድ የነገርኋትን አስታውሳ፣ ቤተ ልሔም ሳሉ የዜማ መጽሐፍዎን እንዴት ይገለብጡ ነበር ብላ ጠየቀቻቸው። ከአሮጌው እያዩ በብራና እንደሚጽፉ፣ ከዚያም መምህሩ ፊት ቃል በቃል እያነበቡ እንደሚያርሙ ነገሯት።

«አሮጌው የሚሰናበተው መቼ ነው?»

«አዲሱ ታርሞ፣ መምህሩ ይሁን ካሉ በኋላ ነዋ።»

«እኔም የምለምንዎ ይህንኑ ነው። ያኔ የመጣው ሰው አዲሱን ሳያርም አሮጌውን ቀደደ። ጥፋቱ መገልበጡ ሳይሆን አለማረሙ ነው።»

አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ነጠላውን አንሥተው አጣጠፉት። ቀጥለው፣ ሰባውን ማሽን በስንት ቀን ልትለውጪ አስበሻል አሏት። በቅዳሜና እሑድ እንደምትጨርስ ነገረቻቸው።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ሰባ መጽሐፍ በሁለት ቀን የሚያርም መምህር እኔ አላየሁም።»

ሩት ፊቷ ቀላ። አለቆቿ የሰጧት አንድ ሳምንት ብቻ እንደሆነ ተናገረች፤ ጥቂት አስባም እውነት ብለዋል አለች። የተማረ ሰው ሲረታ እሺ ማለቱ ከትምህርቱ ሁሉ ይበልጣል።

ማምሻውን መዝገቡ ተከፈተ። አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ግን ወዲያው አላተሙም። ላቀችን አጠገባቸው አስቀምጠው ማሳሽን ንገሪኝ አሏት። ፊደል ያልቆጠረችው ሴት በምሥራቅ ወንዙን፣ በምዕራብ የጎረቤቷን የሞላን ማሳ፣ በሰሜን የቤተ ክርስቲያኑን አጥር፣ በደቡብ የበግ መንገዱን ስትቆጥር እሳቸው በጣታቸው መስኮቱን እየተከተሉ አረሙ። አንድም አልሳተም። ከዚያ አተሙላት።

ከዚያ በኋላ ሥራው በእሳቸው ልክ ሄደ። መጀመሪያ አንድ ማሽን፣ ቀጥሎ አሥር አሥር እየሆነ ተለወጠ። ሠራተኛው አስቀድሞ ይማራል፣ ቅጂ ይወሰዳል፣ ይታረማል፤ አሮጌው የሚነሣው ከዚያ ወዲያ ነው። በሰኔ ስመለስ ቀን ሙሉ ያስጠብቅ የነበረው ግልባጭ በሩብ ሰዓት ደረሰልኝ። መብረቅ ሁለት ማሽን አቃጥሎ ኖሮ ቅጂው ሌላ ከተማም ስለተቀመጠ የአንድ ገበሬ ማሳ እንኳ አልጠፋም። ላቀችም ማሳዋን አሳርሳ ዘርታለች።

አቶ ወልደ ጊዮርጊስን ነጠላው ታጥቦ ትከሻቸው ላይ ሆኖ አገኘኋቸው። ጡረታ ሊወጡ ሳምንት ቀርቷቸዋል። በአዲሲቱ ማሽን ጎን የለጠፏትን ወረቀት መነጽሬን አድርጌ አነበብሁ፤

«ይህች ማሽን ሰኔ 12 ቀን ገባች፤ ታርማለች። ከአምስት ዓመት በኋላ ትለወጥ። የሚለውጣት ሰው አዲሲቱን ሳያርም ይህችን አያሰናብት። ማሽን አለብሳለሁ ብዬ ሰው ላራቁት የነበርሁ ወልደ ጊዮርጊስ ጻፍሁት።»