በለቅሶ ላይ የተመታችው ኳስ

በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ ልጆቼ። ዲላ ላይ ቡና የሚገዛ አንድ ግሪክ ነበር፤ ሙሴ ያኒ እንለዋለን። እኔ የታመመችውን ሚስቱን፣ ማዳምን፣ አስታምም ነበር። ታዲያ ሙሴ አመሻሽ ላይ ቡናው ከሚሰጣበት አጠገብ ሣሩ ላይ ይቆምና እንቁላል የማታህል ነጭ ኳስ በቀጭን ዱላ ይመታል። ጎልፍ ነው የሚሉት። ኳሷ ግን ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ሄዳ ጎረቤት እንሰት ውስጥ ጥልቅ! ዱላ ቢለውጥ፣ አቋቋሙን ቢያስተካክል፣ ያው ነው። ማዳም አልጋዋ ላይ ሆና በመስኮት ታየውና፣ እኔም እንድስቅ በአማርኛ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ኳሷን እይ እንጂ እኔን ምን ታያለህ? ገና አልሞትኩም!» ትለዋለች። እውነቷን ነው፤ ሊመታ ሲል ቀና ብሎ መስኮቷን ያያል።

ክረምቱ ሲገባ ማዳም አረፈች። ቀብረን ተመልሰን፣ ጌዴኦው ጉራጌው ጎረቤት ሁሉ ለቅሶ ተቀምጦ ሳለ፣ ሙሴ ዱላውን ይዞ ወደ ሣሩ ወጣላችሁ። «ሚስቱን ቀብሮ ይጫወታል እንዴ? ምን ጉድ ነው!» ተባለ። እኔም አፍሬ ሮጥኩና፣ «ኧረ ሙሴ፣ የሰው ዓይን አለ፤ ይግቡ» አልኩት። ኳሷን ብቻ እያየ መታት። ኳሷ ቀጥ ብላ ሄደች! ዞር አለና፣ «አየሽ አስካለ? ተስተካከለች። አሁን ቀና ብዬ የማየው ሰው የለማ» ብሎኝ ሣሩ ላይ ዘጭ አለ። እኔም አጠገቡ ወድቄ «ማዳሜ፣ ማዳሜ» እያልኩ አነባሁ። ሲያሙት የነበሩት ሁሉ አንድ በአንድ ከድንኳኑ ወጥተው እርጥቡ ሣር ላይ ዙሪያውን ተቀመጡ። የማዳም ለቅሶ በደንብ የተለቀሰው እዚያ ነው።