አዋላጇን አሳምሪያት

ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ በአውቶቡስ ስንሄድ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ተማሪ ለመመረቂያዋ የኮምፒውተር ጨዋታ መሥራቷን አጠገቧ ላሉት እናት ትነግራቸው ነበር።

«ምን ዓይነት ጨዋታ ነው ልጄ?»

«የአዋላጅ ነው እማማ። ተጫዋቹ አዋላጇን በበቅሎ ወንዝ አሻግሮ፣ ምጥ የያዛት ሴት ዘንድ ያደርሳታል።»

«ማሻአላህ! አስተማሪዎችሽ ወደዱት?»

«መጀመሪያ ‹አይስብም› ብለው ጣሉት። አዋላጇን እንደ እርስዎ ጠና ያለች ሴት ነበር ያደረግኳት።»

«ከዚያስ?»

«ወጣት አደረግኳት። ከንፈሯን ቀባሁ፣ ልብሷን አሳጠርኩ። ሌላ የነካሁት ነገር የለም።»

«አሁንስ ምን አሉ?»

«‹ግሩም ሥራ ነው› አሉ። ስክሪኑ ላይ እያዟዟሩ ሲያዩዋት ዋሉ።»

«ምጥ የያዛትስ? ደረሱላት?»

«ማን ይደርስላታል እማማ! ወንዙን እንኳ አልተሻገሩም።»

እኔም ወንድ ነኝና፣ ደሴ እስክንገባ ድረስ ልጅቷን ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ።