ወደ በረዶው የሸሸው ዓሣ

በሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር ወር፣ ከጦሳ ተራራ ጀርባ የሚያርሱት አቶ ሸረፈዲን ሴት ልጃቸውን ከመንገዷ ሊያስቀሩ ወደ ኮምቦልቻ ለመውረድ ተነሡ። ዊዳድ እዚያ መምህርት ናት፤ የባሕር ዓሣ ልታጠና ኖርዌይ ለመሄድ የሚቀራት የአባቷ ዱዓ ብቻ ነበር። ያለ ዱዓው እንደማትሄድ ሁለቱም ያውቃሉ። ደሴ፣ ፒያሳ ላይ ሚኒባስ ሲጠብቁ፣ ራሷ ወረቀት ታቅፋ ከፎቶ ኮፒ ቤት ስትወጣ አገኟት።

ከሰላምታው በኋላ ሻይ ቤት ገቡ።

«ባሕር አይተሽ ታውቂያለሽ?» አሉ።

«አላየሁም አባ።»

«ዓሣስ በልተሻል?»

«አንድ ጊዜ፣ ሐይቅ ከተማ። አጥንቱ ጉሮሮዬን ወጋኝ።»

«ታዲያ ለዚያ ቂም ነው እስከ በረዶው አገር ድረስ የምታሳድጂው?»

ዊዳድ ሳቀች፤ እሳቸው አልሳቁም። ባሕሩ ሲሞቅ፣ ቅዝቃዜ የለመደው ትንሹ ዓሣ ወደ በረዶማው የምድር ዋልታ እንደሚሸሽ፣ ሙቀት የለመዱት ትልልቆቹ እየተከተሉት እንደሚገቡ፣ በዚህም የተነሣ በአንዳንድ ስፍራ የዓሣው ዓይነት ከቀድሞው እንደ በዛ በትሕትና አስረዳቻቸው።

«ከበዛ ምን ያሳዝናችኋል?»

«እንግዳው ባለቤቱን ይበላዋል አባ፤ ምግቡንም ይሻማዋል።»

«ይሽሻ፤ ባሕር እንደሁ ሰፊ ነው።»

«ይሸሻል። ኋላ ግን መሸሻው ያልቃል።»

አቶ ሸረፈዲን ግራ ገባቸው። መብዛት እንዴት መጥፋት ይሆናል? ሰው የሩቁን ነገር በገዛ ማሳው ካልሰፈረው በቀር አይገባውምና፣ ዊዳድ ዓሣውን ትታ ስለ እርሻው ጠየቀች።

«አያቴ ምን ይዘሩ ነበር?»

«ገብስና ባቄላ።»

«እርስዎስ?»

«ስንዴው አለ፣ ጤፉ አለ፤ አሁን አሁን በቆሎም ይዞልኛል። የአባቴ ማሳ ይህን ሁሉ መች ያውቅና።»

«ጥቁሩ ገብስስ?»

ሙቀቱ ሲበረታበት ጥቁሩን ገብስ ከታችኛው ማሳ ወደ መካከለኛው፣ ከዚያም ወደ ተራራው ጫፍ ያወጡት ራሳቸው ነበሩ። ከጫፉ በላይ ድንጋይና ሰማይ ነው። ሙቀቱ እዚያም ደርሶበት ዘሩን ካጡት አራት ዓመት ሆናቸው።

«ማሳዬ በዓይነት ሞላ ስል፣ ለካ አንዱን ቀብሬያለሁ» አሉ ቀስ ብለው።

«ዓሣውም እንዲሁ ነው። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው በረከት ነው ይላል።»

«ብትሄጂስ ታስቆሚዋለሽ?»

«አላስቆመውም አባ። የትኛው እየራቀ እንደሆነ ሳይጠፋ ማወቅን እማራለሁ። ያ ከታወቀ መረብ የት እንዳይጣል፣ የቱ ስፍራ እንዲጠበቅ መወሰን ይቻላል። ስመለስ የሐይቅን ውሃና ዓሣ እመዘግባለሁ። ለጥቁሩ ገብስም በጊዜው የተከታተለው ሰው ቢኖር፣ እፍኝ ዘር ይቀመጥለት ነበር።»

«እፍኝ ዘር» አሉ አቶ ሸረፈዲን። «ለእፍኝ ዘርማ ቦታ አላጣም ነበር።»

የነገሩ ሁሉ ውል አሁንም አልተጨበጠላቸውም፤ ቢሆንም መዳፋቸውን ዘረጉ። ለመንገዷ፣ ለጤናዋ፣ ለመመለሷ ዱዓ አደረጉ። ቀጥሎም ስሙን የማያውቁትን የባሕር ፍጡር ለአላህ እንዴት ብለው እንደሚያነሡት ቸገራቸው።

«ያንንም ትንሹን» አሉ በመጨረሻ።

ዊዳድ «አሚን» አለች።