የመስኮቱ ልክ

ሐርጌሳ ገበያ፣ ከጨርቅ ነጋዴዎች ተርታ፣ አንዲት ሴት ከመሐረቧ ሲባጎ ፈትታ ቀይ የመጋረጃ ጨርቅ ስትለካ ያየ ሰው ከት ብሎ ባይስቅ እንኳ ፈገግ ማለቱ አይቀርም ነበር። ሻጩ የብረት ሜትሩን ቢዘረጋላት በእጇ ገፋችው። «እሱ ላንተ ይሁን! የኔ ልክ እዚህ ላይ ነው» አለችው በአማርኛ። ሰውየው አማርኛ አያውቅምና ትከሻውን ሰብቆ ጨርቁን ለቀቀላት።

ሴትዮዋ ሸዋዬ ትባላለች፤ የቆቦ ሰው ናት። ሐርጌሳ ከገባች አራት ዓመቷ ነው። ቀን ቀን 26 ጁን ሰፈር በአንድ ባለጠጋ ቤት ስታጸዳና ስታጥብ ትውልና ማታ ኮድቡር ሰፈር ወደተከራየቻት አንዲት ክፍል ትመለሳለች። ሲባጎው ሦስት ቋጠሮ ነበረው። እስከ መጀመሪያው የመስኮት ወርድ፣ እስከ ሁለተኛው ቁመቱ፣ እስከ ሦስተኛው ደግሞ ከመስኮቱ ራስ እስከ ወለሉ ነው። መስኮቱ ያለው ቆቦ፣ ባሏ ሳይሞት በሠራው ቤት ውስጥ ነው። ልትሰደድ በዋዜማው ስትለካው አንዱን ጫፍ በርጩማ ላይ ቆማ የያዘችላት ልጇ ኪን ነበረች። ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር።

ዘመኑ 2014 ዓ.ም. ነው። ጦርነቱ ወሎ ከገባ ወዲህ የቆቦ ስልክ ተቋርጦ፣ ሸዋዬ የልጇን ድምፅ ከሰማች አምስት ወር አልፏታል። አያቷ ዘንድ የቀረችው ኪን በሕይወት ትኑር አትኑር የሚነግራት አልተገኘም። ሸዋዬ ግን ለዚያ ቤት ዕቃ መግዛቷን አላቆመችም፤ ያንንም ብትተው ምን ይቀራታል?

«ልርዳዎት፣ እናቴ?» የሚል የአማርኛ ድምፅ ከኋላዋ ሰማች።

ዘወር ስትል አንዲት ቀጭን ወጣት ቆማለች። ዳግማዊት የደሴ ልጅ ናት። ሦስተኛ ዓመት የሥነ ሕንፃ ተማሪ ሳለች ጦርነቱ ትምህርቷን ስላቋረጠባት፣ ግንበኛ ወንድሟ ናኦድ ዘንድ ከመጣች ሁለት ወሯ ነው። ሱማልኛውን እንደነገሩ ይዛዋለችና ከሻጩ ጋር አግባባቻቸው። ጨርቁን ተሸክመው ሲሄዱ ለካ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ግቢዎቻቸውን የሚለየው አንድ አጥር ብቻ ነበር። ሸዋዬ የወሎ ሰው አይደለች? «ሻይ ሳትቀምሺማ አትሄጂም» ብላ አስገባቻት።

ዳግማዊት ከደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች። ሲሚንቶው ወለል ላይ የተጠቀለለ ፍራሽ፣ ጥግ ላይ አንድ ድስት፣ በካርቶን የተደፈነች ትንሽ መስኮት። ሌላ ምንም የለም። ግድግዳው ላይ አንዲት ሚስማር እንኳ አልነበረችም።

«እትዬ ሸዋዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሌባ ገብቶብዎት ነው?»

«ኧረ ምን ሌባ! ሞልቶኝ! ነይ ላሳይሽ።»

ከፍራሹ ኋላ ሦስት ሻንጣዎች ጎተተችና ከፈተች። ጥልፍ የአልጋ ልብስ ወጣ፤ አፋቸው ወርቅ የተቀባ ስድስት ብርጭቆዎች፣ የአበባ ሥዕል ያለበት ቴርሞስ፣ መስታወት፣ በወረቀት የተጠቀለለ የማርያም ሥዕል፣ አንድ እቅፍ የፕላስቲክ ጽጌረዳ፣ የግድግዳ ሰዓት። ሸዋዬ እያንዳንዱን በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች ስታሳይ ፊቷ የሙሽራ እናት ፊት መሰለ።

«ሰዓቱ ሻንጣ ውስጥ ሆኖ ለማን ይቆጥራል?» አለች ዳግማዊት እየሳቀች።

«ባትሪውን አውጥቼዋለሁ። ቆቦ ሲገባ ይጀምራል።»

ሻዩ ቀረበ። የቀረበው ግን እጀታው በተሰበረ የፕላስቲክ ኩባያ ነበር። ዳግማዊት ኩባያውን አየች፤ ሻንጣው ውስጥ የሚያብረቀርቁትን ብርጭቆዎችም አየች፤ ዝም ማለትም አልሆነላትም።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነ እኮ ነገሩ። ይህ ክፍል ሦስት በአራት ነው። ትንሽ ቤት ብልሃት ይፈልጋል እንጂ ሀብት አይፈልግም። አልጋዎ በረጅሙ ግድግዳ ቢሆን፣ ከራስጌው በላይ መደርደሪያ ቢሰቀል፣ ግድግዳው ኖራ ቢቀባ፣ መስታወቱ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ሆኖ ብርሃኑን ቢመልስ፣ ይኸው ክፍል እጥፍ ሆኖ ይታይዎታል። አሁን ግን የወለሉ እርጥበት በፍራሹ እየወጣ ያስልዎታል። ከገባሁ ጀምሮ ስድስት ጊዜ ሳሉ።»

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች!» ሸዋዬ ሳቀች። «አልጋማ ነበረኝ፤ ስልኩ ሲቋረጥ ለሰው ሰጠሁት። ልጄ በምን ላይ እንደምትተኛ ሳላውቅ እኔ አልጋ ላይ ልንደላቀቅ? ደግሞስ ቤቱ የኔ ነው? የሰው ወርቅ አያደምቅ። በሰው አገር ግድግዳ ሚስማር የመታ ሰው ይሰነብታል፤ እኔ መሰንበት አልፈልግም።»

«አራት ዓመት ሰንብተዋል እኮ፣ እትዬ።»

«ሳልመታ ነዋ! ብመታማ ዐሥር ይሆን ነበር።»

ለዚህ ዓይነቱ ክርክር የትኛውም ዩኒቨርሲቲ መልስ አያስተምርም። ሸዋዬም የልብ ልብ ተሰምቷት በክርክሩ ገፋች። «ቤት እንዳንቺ አባባል ባዶ ግድግዳ በኖራ መለቅለቅ ነው? ቤት ማለት ሲገቡበት የሚሞላ ነው። መጋረጃው ወለል ይጠርጋል፤ በር ፊት ለፊት ቡፌ ይቆማል፤ በላዩ አበባ።»

«በትንሽ ክፍል ቡፌ ማስገባት ባለቤቱን ውጭ ማሳደር ነው። የፕላስቲክ አበባውስ ቢሆን አቧራ ከማጠራቀም በቀር ምን ይፈይዳል? ከሁሉ መጀመሪያ የሚጣለው እሱ ነው።»

ሸዋዬ ጽጌረዳውን ከፊቷ አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ቅር እንዳላት ያስታውቅ ነበር። ዳግማዊት ግን ወጣት ናት፤ የያዘችውን እውነት እስከ ጫፉ ሳትናገር አታርፍም።

«እትዬ ሸዋዬ፣ አይቀየሙኝ። አገራችን ሰው ሲሞት አይደል ሐዘንተኛ ከአልጋ ወርዶ መሬት የሚተኛው? ግድግዳው የሚራቆተው? እርስዎ በሕይወት ላለች ልጅ ሐዘን ተቀምጠዋል።»

ሸዋዬ ብድግ አለች። «ውጪ» አለች ቀስ ብላ። «ሻይሽን ጠጥተሻል፤ ውጪልኝ።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ዳግማዊት ከደጅ ሆና ይቅርታ ብትለምንም በሩ አልተከፈተም። ሸዋዬ ሻንጣዎቹን ቆለፈች፤ ፍራሹንም ዘርግታ ተኛች። ቃሉ ግን አብሯት ተኛ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወለሉ ይቀዘቅዛት ጀመር፤ እስከዚያ ድረስ ቅዝቃዜውን ልብ ብላው አታውቅም ነበር።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ሐሙስ በአሠሪዋ ቤት የዐረብ መቀመጫውን ትራሶች እያራገፈች ሳለ ስልኳ ጮኸ። ቁጥሩን አታውቀውም።

«እማ?»

ትራሱ ከእጇ ወደቀ።

«ኪን! ኪንዬ! አለሽልኝ?»

«አለሁ። አያቴም አለች። ወልዲያ መጥተን ነው፤ ስልኩ የሰው ነው።»

የተላቀሱትን ለቅሶ እዚህ መጻፍ አያስፈልግም፤ የወለደ ያውቀዋል። ለቅሶው ጋብ ሲል ኪን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች።

«እማ፣ ቤትሽ ውስጥ ምን ምን አለ?»

«ለምን ጠየቅሽኝ፣ ልጄ?»

«ተኩስ ሲሆን አያቴ "ዓይንሽን ጨፍኚና እናትሽን አስቢ" ትለኝ ነበር። ስጨፍን ግን የት እንደማስቀምጥሽ አላውቅም። ቤትሽን አላውቀውማ። አልጋ ላይ ይሁን፣ ወንበር ላይ… ዝም ብለሽ ቆመሽ ነው የምትታዪኝ።»

ሸዋዬ አምስት ወር ሙሉ ልጇን ስታስብ የቆቦውን በርጩማ፣ የቆቦውን መስኮት፣ የቆቦውን በር እያየች ነበር ያሰበቻት። ልጇ ግን እናቷን የምታሳርፍበት አንድ መቀመጫ እንኳ አልነበራትም። ይህ እስከዛሬ አልታሰባትም።

«ቤቴማ…» አለች፣ ዋሸች። «ቤቴማ ቀይ መጋረጃ አለው። ሰዓት ግድግዳው ላይ አለ። አልጋዬ ከመስኮቱ ጎን ነው።»

«እሑድ እንደገና እደውላለሁ። ያኔ ከበሩ ጀምረሽ ትነግሪኛለሽ» አለችና ስልኩ ተቋረጠ።

ያን ቀን ሸዋዬ ከሥራ ስትመለስ ወደ ቤቷ አልገባችም፤ የዳግማዊትን በር አንኳኳች።

«ዳግም ልጄ፣ የዚያን ዕለት ስላስወጣሁሽ ይቅር በዪኝ። ልጄ ተገኝታለች። ቆሜ እንደምታየኝ ነገረችኝ። እሑድ ሳይደርስ የምቀመጥበት ነገር እፈልጋለሁ።» የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። ዳግማዊት አንዲት የትምህርት ቃል ሳትናገር አቅፋት አለቀሰች።

ከሁሉ በፊት የቤቱ ባለቤት ፈቃድ ያስፈልግ ነበርና አከራይዋ ዘንድ ሄዱ። ሰፈሩ ሁሉ ኤዶ፣ ማለትም አክስት፣ የሚላት ሆዳን የራሷን አገር ጦርነት ሸሽታ ድሬዳዋ የኖረች ባልቴት ናትና አማርኛ ትናገራለች።

«ሚስማር?» አለች ዓይኗን አፍጥጣ። «ወላሂ፣ አራት ዓመት ሙሉ "ይቺ ሴት መቼ ነው የምትሄደው" እያልኩ ነው የኖርኩት! ምቺ፣ ቀቢም። እናቴ ድሬዳዋ ዐሥራ አንድ ዓመት ኖረች፤ ነገ እንገባለን ስትል ጓዟን ሳትፈታ ሞተች። የፈታነው እኛ ነን፣ ከቀብሯ ስንመለስ።» ከዚያም ጓዳዋ የተጣለ የእንጨት አልጋ አስወጣችላት።

ዐርብ የዕረፍት ቀን ነው። ኖራው ላይ ጥቂት ቢጫ ጠብ አድርገው ግድግዳውን ቀቡ። ናኦድ ከሥራ የተረፉ ሳንቃዎች አምጥቶ መደርደሪያ ሠራ። የመጀመሪያውን ሚስማር ግን ሸዋዬ ራሷ ልትመታ መዶሻውን ተቀበለች። ሁለት ጊዜ ጣቷን መታች፤ በሦስተኛው ገባ። ቆማ አየችው፤ እንደ ፈራችው የሆነ ነገር የለም። የማርያም ሥዕል በሩ ሲከፈት ከውጭ በማይታይበት ጎን ተሰቀለች፤ ሰዓቱም ባትሪው ተመልሶለት መቁጠር ጀመረ።

መጋረጃው ሲሰቀል ጉድ ፈላ። ለቆቦው መስኮት የተለካው ጨርቅ ከዚህኛዋ ትንሽ መስኮት ወርዶ፣ ወርዶ፣ ወለሉ ላይ ተከመረ። ዳግማዊት መቀስ አነሳች።

«እንዳትነኪው!» ሸዋዬ እጇን ያዘቻት። «የጠየቅሽኝን ሁሉ አድርጌአለሁ። ይህን አልቆርጥም።»

«ረጅም መጋረጃ በትንሽ ክፍል አቧራ ይጠርጋል እንጂ—» አለችና የሸዋዬን ፊት አይታ አቆመች። መቀሱን አስቀመጠች። «አይቆረጥም። እናጥፈው። በሰፊው አጥፈን ጠርዙን እንዘምዝመው። አገር ሲገቡ ስፌቱን ይተረትሩታል፤ ጨርቁ እንዳለ ነው።»

ይህን ከመምህር አልተማረችም። ሁለቱ ሴቶች ግራና ቀኝ ተቀምጠው ሲዘመዝሙ ማን ማንን እንደመከረ መለየት ያስቸግር ነበር። ጽጌረዳውንም መደርደሪያው ላይ ያደረገችው ራሷ ዳግማዊት ናት። «በሳምንት አንዴ ይታጠብ እንጂ» አለች፣ ላለመሸነፍ ያህል።

እንግዲህ የተገኘውን ጥቅም መናገር ይገባል። ሸዋዬ ከወለሉ ከተነሳች በሁለተኛው ሌሊት ሳሏ ቀለለ። ካርቶኑ ከመስኮቱ ሲነሳ ንጹሕ አየርና ፀሐይ ገባ፤ ዕቃው ወደ ላይ ሲወጣ መተላለፊያ ተገኘ፤ ሻንጣዎቹም አልጋው ሥር ገብተው ከዓይን ጠፉ። የሰፈሩ ስደተኛ ሴቶች ቅዳሜ መጥተው በወርቅ አፍ ብርጭቆ ሻይ ጠጥተው ሄዱ፤ ሁለቱ ወዲያው ኖራ ይፈልጉ ጀመር። ብዙ ሰው ጓዝን አለመፍታት ለአገር መታመን ይመስለዋል፤ ሸዋዬም እንዲሁ ይመስላት ነበር። ናፍቆቷ ከዚህ በኋላ ጠፋ የሚል ቢኖር ተሳስቷል፤ ናፍቆቷ እንዳለ ነው፣ የተሻለው አልጋ ላይ ተቀምጣ መናፈቋ ነው።

እሑድ ስልኩ ጮኸ።

«ከበሩ ጀምሪ» አለች ኪን።

«እሺ። በሩ ሰማያዊ ቆርቆሮ ነው። ስትገቢ በግራ በኩል አልጋው አለ፤ ጥልፍ የአልጋ ልብስ ለብሷል።»

«ቀስ በዪ፤ እየገባሁ ነው።»

ሸዋዬ ቀስ አለች። መደርደሪያውን፣ መስታወቱን፣ ጽጌረዳውን፣ ስድስቱን ብርጭቆዎች አንድ በአንድ ነገረቻት። አንዲትም ውሸት አልነበረበትም።

«አሁን አልጋው ላይ ተቀመጪ» አለች ኪን። ሸዋዬም ብቻዋን ባለችበት ክፍል ሄዳ ተቀመጠች። «ተቀመጥሽ?»

«ተቀመጥኩ።»

«አየሁሽ።»

ከዚያ ኪን ሌላ ነገር አነሳች። «እማ፣ ባለፈው ያልነገርኩሽ ነገር አለ። የቤታችን መስኮት የለም። ከነፍሬሙ ነቅለው ወስደውታል። በላስቲክ ሸፍነነዋል። ለመስኮቱ መጋረጃ ልትገዢ እንደሆነ ስልኩ ሳይቋረጥ አያቴ ነግራኝ ነበር፤ እንዳታዝኚ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ሸዋዬ ቀና ብላ መጋረጃውን አየች፤ ከታች የታጠፈውን ሰፊ ጠርዝ አየች። ከጎኑ ራሷ በመታችው የመጀመሪያ ሚስማር ላይ ባለ ሦስት ቋጠሮው ሲባጎ ተንጠልጥሏል። እንባዋ መጣ፤ ድምፅዋ ግን አልተሰበረም።

«መስኮት ይሠራል፣ ልጄ። ልኩ እኔ ዘንድ አለ። አንዱን ጫፍ የያዝሽልኝ አንቺ አልነበርሽም?»

«በርጩማው ግን አልተወሰደም» አለች ኪን።